ስለ ስፒከር አመራረጥና አቀማመጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ አባሎች የተነገረ)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ርእስ በቤታችን ሙዚቃና ንግግር የምንሰማበት ስፒከር ነው። ነገሩ የጨዋታ ቢመስልም የብዙ ቤተ ሰብ ገንዘብ ይወጣበታል። አንድ አባወራ ከደመወዙ ቆጥቦ፥ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመዱ ልኮለት፥ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ያገኛል። ቤት በገቡ ጊዜ አንደኛው ከቡፌው ላይ፥ ሁለተኛው ከበሩ ኋላ ይቀመጣል፤ ዳንቴል ይለብሱና የአበባ ማስቀመጫ ይደረግባቸዋል። ከዚያ ወዲያ መስተዋቱ ይንቀጠቀጣል እንጂ የዘፋኙ ቃል አይለይም። አያታችን «ምን አለ?» ብለው ቢጠይቁ የሚመልስላቸው የለም። እኛ ለማስረዳት የምንሻው ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዕቃው ሳይሆን የቦታው መሆኑን ነው፤ ቦታን ለማስተካከል ደግሞ ሜትርና ትዕግሥት ይበቃል።

ዛሬም በአብዛኛው የምንጠቀምበትን ዐይነት ስፒከር ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ መሐንዲሶች በ1925 እ.ኤ.አ. አስታውቀዋል። በማግኔት መካከል የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል፤ ከእርሱ ጋራ የተጣበቀው ሾጣጣ ወረቀትም አየሩን ይገፋል። ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር መግፋት ስለሚጠይቅ ሰፊ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ቀጭን ድምፅ ግን በፍጥነት መርገብገብን ስለሚጠይቅ በትንሹ ክፍል ይወጣል።

እንግዲህ «ትልቅ ሣጥን ሁሉ መልካም ነው» የሚባለው አስተሳሰብ እውነት አይደለም። ኤድጋር ቪልቹር የተባለ አሜሪካዊ በ1954 እ.ኤ.አ. በደንብ የተዘጋ ትንሽ ሣጥን፥ በውስጡ የታፈነው አየር እንደ ሞላ እያገለገለው፥ እንደ ትልቁ ሣጥን ወፍራም ድምፅ ሊያወጣ እንደሚችል አሳይቷል። በካርቶን ላይ የሚጻፈው የዋት ብዛትም ማንንም አያታልል። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮአችን እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ዐሥር ያህል እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ይልቅስ በ1 ዋት፥ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ይጠየቅ። 90 የሚሰጠው 87 ከሚሰጠው ጋራ ሲነጻጸር ለእኩል ድምፅ ግማሽ ኃይል ይበቃዋል።

ከአሜሪካ ለሚመጣላቸው አንድ ማሳሰቢያ አለን። የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት፥ የእኛ 220 ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካ መሣሪያ ከሆነ ጀርባው ሳይነበብ እንዳይሰካ፤ ይቃጠላል። ከአምፕሊፋየር በሽቦ ብቻ ለሚገናኝ ስፒከር ግን ይህ አያሰጋም።

ለመፈተኛ የሚሻለው ጆሮአችን ፊት ለፊት ሰምቶ የሚያውቀው ድምፅ ነው። በገናን እንውሰድ። ዐሥር አውታሮች አሉት፤ አውታሩ በሚያርፍበት ቦታ የሚገባው እንዝራ የተባለ ቁራጭ ቆዳ ያን የታወቀ ንዝረት ይሰጠዋል። የአውታሩ መሠረት ወፍራም ነው፤ ንዝረቱ ግን በብዙ ቀጫጭን ድምፆች የተሞላ ነው። ሁለቱ ከአንድ አውታር የወጡ ሆነው ከተሰሙ ስፒከሩ ደኅና ነው። ንዝረቱ ተለይቶ እንደ ንብ ከጮኸ፥ ወይም ጉምጉምታው ብቻ ከቀረ፥ ለሻጩ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ሌላ ሱቅ መሄድ ነው። ቀጥሎ ሰው የሚናገርበት ቅጂ ይሰማ። የ«ሰ» ድምፅ ኃይል የሚገኘው በአብዛኛው በሴኮንድ ከ4000 ጊዜ በላይ በሚርገበገበው በኩል ስለ ሆነ፥ «ሰ» የደበዘዘበት ስፒከር ቃልን ይበላል።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ወደ 7 ሜትር ይጠጋል፤ ከብዙዎቻችን ሳሎን ይበልጣል ማለት ነው። 10 ሺህ ጊዜ የሚርገበገበው ግን 3 ሳንቲሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወፍራሙ ዕቃውን ሁሉ እየዞረ ያልፋል፤ ቀጭኑ ግን እንደ ባትሪ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳልና ወፍራም ጨርቅ ወይም የወንበር ጀርባ ያስቀረዋል። የተንጠለጠለው ጥልፍ ይነሣ፤ ትንሿ ክፍልም በተቀማጭ ጆሮ ቁመት ትሁን። ወለል ላይ የተቀመጠ ትንሽ ስፒከር ለጉልበት ይዘፍናል።

ማእዘን ወፍራሙን ድምፅ ያበዛል፤ የብሎኬት ቤት ደግሞ አብሮ ያጉረመርማል። ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ማራቅ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይረዳል። ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማእዘን ይሥሩ፤ 2 ሜትር፥ 2 ሜትር፥ 2 ሜትር ቢሆን ለመካከለኛ ሳሎን ይበቃል። በዚህ ጊዜ የዘፋኙ ድምፅ ምንም ስፒከር ከሌለበት ከመካከል ይመጣል። በአንዲት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ተጠጋግተው የተሠሩት፥ ዛሬ ከስልክ ጋራ የምንሰማባቸው፥ ለመንገድ ይመቻሉ እንጂ ይህን ያህል ስፋት አይሰጡም።

የሲሚንቶ ወለልና ባዶ ግድግዳ ድምፁን መልሰው ስለሚወረውሩ ቃል በቃል ላይ ይደራረባል። የሚመልሰው ቦታ የት እንደ ሆነ ለማወቅ አንድ ሰው መስተዋት ይዞ በጎን ግድግዳው ላይ ያንሸራትት፤ ተቀማጩ ስፒከሩን በመስተዋቱ ባየበት ቦታ ወፍራም ምንጣፍ ወይም የታጠፈ ጋቢ ይሰቀል። ይህ ለቀጭኑ ነው። ወፍራሙን ጋቢ አይዘውም፤ እርሱ የሚታረመው ቦታ በመለወጥ ነው። ለዚህም አንድ ስፒከር በአድማጩ ሶፋ ላይ አስቀምጦ፥ ወፍራም ድምፅ ያለበትን ዘፈን ከፍቶ፥ ስፒከር ሊቆምበት በሚችለው ቦታ ሁሉ ጎንበስ ብሎ መዞር ነው። ድምፁ እኩል ሆኖ በተሰማበት ቦታ ስፒከሩ ይተከላል። (ወላጆቻችን ልጆቻችሁን በሳሎን ሲያጎነብሱ ብታዩ አትቈጡ።)

የቀረው ሽቦው ነው። ቀዩ ከቀዩ፥ ጥቁሩ ከጥቁሩ ይገናኝ። አንዱ ቢገለበጥ አንደኛው ወረቀት ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ዘፋኙም ከመካከል ይጠፋል። በእነዚህ በርጩማዎች ላይ ያሉት ሁለቱ ስፒከሮች አሁን በትክክል ታስረዋል። አንድ ዘፈን እናሰማችሁና፥ ጓደኛችን በመካከሉ የግራውን ሽቦ ይገለብጣል፤ መቼ እንደ ገለበጠው ያወቀ እጁን ያውጣ።