ጊታርን በኢንተርኔት ስለ መማር



ከቦሌ ሳይወጡ ከአሜሪካ ባለሙያ ዘንድ ጊታር መማር ይቻላል ቢባል አያቶቻችን ተረት ነው ባሉ ነበር። ዛሬ ግን ሆኗል። የናሽቪሉ ጊታር መቺ ጋትሪ ትራፕ «አርቲስትወርክስ» በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ቤት የካንትሪ ጊታር ትምህርት አዘጋጅቷል። ተማሪው አመታቱን ቀርጾ ይልካል፤ መምህሩም ተመልክቶ በቪዲዮ ያርመዋል።

የዚህ ሙያ ምሥጢር ያለው በአውራ ጣት ነው። በሜርል ትራቪስ (1917–1983 እ.ኤ.አ.) ስም በሚጠራው ስልት አውራ ጣት ወፍራሞቹን ክሮች እያፈራረቀ ሲመታ ጠቋሚ ጣት ዜማውን ያሰማል። ስለዚህ አንዱ ሰው ሁለት መስሎ ይሰማል።

የባዕድ ሙያ ክራራችንን ያስረሳናል የሚሉ አሉ። ነገር ግን የሮሃ ባንዱ ሰላም ስዩም የአገራችንን ዜማ በጊታር ተጫውቶ አስከበረ እንጂ አላስረሳም። እኛም በተማርነው ጣት ትዝታንና ባቲን እንምታበት።

እርግጥ ክፍያው በዶላር ስለ ሆነ ለብዙዎቻችን ይከብዳል፤ ኔትወርክም ይቋረጣል። ስለዚህ አንድ የተማረ ተማሪ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለጓደኞቹ ያስተምር ዘንድ አሳስባለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።