አክስት ስትሞት ማን ዱዓ ያደርግላታል?

(በመካነ ሰላም ለተሰበሰበው ጀመዓ የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይስፈን።



በቅርቡ የተለየችንን እህታችንን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ለወላጆቿ ጧሪ፣ ለወንድሞቿ መካሪ፣ ለእህትና ለወንድም ልጆች ሁለተኛ እናት ነበረች። የሴት ጀናዛ ሲኖር ለማጠብ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ነበረች። የአብራኳ ልጅ ግን አልነበራትም። በለቅሶው ላይ አንዲት እናት «ዱዓ የሚያደርግላት ሳታስቀር ሄደች» ብለው ሲያለቅሱ ሰማሁ። የዛሬው ንግግሬ ለእኚያ እናት መልስ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው ሲሞት ከሦስት ነገሮች በስተቀር ሥራው እንደሚቋረጥ አስተምረውናል። እነሱም የማይቋረጥ ሰደቃ፣ ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀትና ዱዓ የሚያደርግ መልካም ልጅ ናቸው። ልጅ ከሦስቱ አንዱ ነው እንጂ ሦስቱም አይደለም።

የነቢዩን ልጅ ሩቀያን (ረ.ዐ) አስታውሱ። በ615 እ.ኤ.አ. ከባለቤታቸው ከዑስማን ጋር ወደዚህችው ወደ ሐበሻ ምድር ተሰደዱ። በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ መዲና ላይ ሲያርፉ አባታቸው በበድር ዘመቻ ላይ ነበሩ። ከእርሳቸው የቀጠለ ዘር የለም፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ ሴት ልጆቻችንን በስማቸው እንጠራለን።

እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) አልወለዱም። ነገር ግን በእህታቸው በአስማእ ልጅ «ኡሙ ዐብደላህ» ተብለው ይጠሩ ነበር። አባቱ የሞተበትን የወንድማቸውን ልጅ ቃሲምን አሳደጉ፤ የእህታቸውን ልጅ ዑርዋን አስተማሩ። ሁለቱም ከሰባቱ የመዲና ታላላቅ የፊቅህ ሊቃውንት ተቆጠሩ። በ58 ዓመተ ሒጅራ ሲያርፉ ቀብራቸው ውስጥ ወርደው ያሳረፏቸው አምስት የእህትና የወንድም ልጆች ናቸው። ዛሬ ከእርሳቸው የተላለፈ ሐዲስ ስንሰማ ብዙውን ጊዜ ያቀበለን ዑርዋ ወይም ቃሲም ነው። ታዲያ ዓኢሻ ያለ ልጅ ሄዱ ይባላልን?

ወገኖቼ፣ ዕንባ አልተከለከለም፤ ነቢያችንም በልጃቸው በኡሙ ኩልሡም ቀብር ላይ ዓይናቸው ዕንባ አቅርሯል። ነገር ግን በዕንባ ብቻ ዕዳ አይከፈልም። እናንተ ወንድሞቿ፣ ያለባትን ዕዳ ጠይቃችሁ ክፈሉ፤ ኑዛዜ ካላትም ፈጽሙ። ይህ ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ነው። ሌላም አለ፤ በአገራችን ስንት እህት የአባቷን ውርስ በይሉኝታ ለወንድሞቿ ትታለች! አላህ በቁርኣን የወሰነላትን ድርሻ በሕይወት ሳለች ነፍጎ፣ ስትሞት በሬ አርዶ መዘከር ሚዛን አይደፋም። እህቱ በሕይወት ያለችለት ሰው ዛሬውኑ ይጠይቃት።

እናንተ ያሳደገቻችሁ ልጆች ደግሞ፣ ዱዓ አድራጊዎቿ እናንተ ናችሁ። አንድ ሰው በድንገት ለሞተችው እናቱ ሰደቃ ቢሰጥ ይጠቅማት እንደሆነ ነቢያችንን ጠይቆ «አዎን» ተብሏል። እናንተም በስሟ ለአንድ ደረሳ ቀለብ ቁረጡ፤ ምንጭም አጎልብቱ። ያስተማረቻችሁን ፋቲሓ በሰገዳችሁ ቁጥር አስታውሷት። ወዳጆቿን ጠይቁ፤ ቡና የምትጠራቸው አሮጊቶች ደጃቸው አይዘጋባቸው።

አላህ ይማራት፤ ቀብሯን ያስፋላት፤ እኛንም የሙታናችንን ሐቅ የምንወጣ ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።