አደስን በባልዲ

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አደስ ነው። አደስ ለማናችንም እንግዳ አይደለም፤ የራስ ቅቤያችን መዓዛ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን የምናውቀው ደርቆና ተወቅጦ ከገበያ ስንገዛው ነው። ተክሉ ግን ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉን በጣት ስታሹት ይሸታል፤ አበባው ነጭ፣ ፍሬው ሲበስል ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ነው።

«እኔ ተከራይ ነኝ፣ የት ልትከል?» የምትሉ አላችሁ። ይህን ንግግር ያዘጋጀሁት በተለይ ለእናንተ ነው። መሬት ላይ የተከልነው ቤት ስንለቅ ለአከራይ ይቀራል፤ በባልዲ ያለው ግን ከዕቃችን ጋር ይጫናል።

አተካከሉ ቀላል ነው። ከጤነኛ ተክል 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቅርንጫፍ ቁረጡ፤ በጣም ለጋ ወይም ፈጽሞ የጠነከረ አይሁን። የታችኛውን ቅጠል አራግፋችሁ እርጥብ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ ትከሉት፤ ጥላ ሥር አድርጋችሁ በላስቲክ ሸፍኑት። ሥር ለማውጣት 2 ወር ገደማ ሊፈጅ ስለሚችል እየነቀላችሁ አትዩት።

ሥር ሲይዝ ወደ ባልዲ አዛውሩት። የባልዲው ቂጥ መበሳት አለበት፤ ውሃ የተኛበት አደስ ሥሩ ይበሰብሳል። 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ የበሰለ ፍግ፣ 1 እጅ አሸዋ ይበቃል። ፀሐይ በደንብ የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት። ውሃ የምታጠጡት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገብታችሁ ላዩ ደርቆ ስታገኙት ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። በዓል ሲደርስና ብር ሲያጥር ቅጠሉን በሙሉ ገፎ መሸጥ ያምራል። ነገር ግን ተክሉ ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው፤ የተገፈፈ ችግኝ ደግሞ ይደርቃል። በመጀመሪያው ዓመት አትንኩት። ከዚያም በኋላ በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አትቁረጡ። የቆረጣችሁትን በጥላ አድርቁ፤ ፀሐይ ሽታውን ያጠፋዋል።

አንድ ባልዲ አደስ ቤት አያስተዳድርም። ለራሳችን ቅቤ የሚሆነውን ከመግዛት ግን ያሳርፈናል። ዐሥር ሴቶች አብረን ስናደርቅና ስንወቅጥ ደግሞ ለገበያ የሚበቃ ይወጣናል፤ ገዢዋም ምን እንደገዛች በእርግጥ ታውቃለች።

ደጋፊዎቻችን ልትረዱን ብትፈልጉ ባልዲ፣ አሸዋና ላስቲክ አምጡልን፤ ችግኙን ራሳችን እናፈላለን። እህቶቼ፣ አደስ ያላችሁ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ሁለት ቅርንጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ኑ። አንዱ ባይጸድቅ ሌላው ይጸድቃል።