መድኃኒቱስ ይሁን፣ በሽተኛው ማነው?
ስለ ቫሮዋ ተባይና ስለ ዋግ ንብ ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተሰጠ ንግግር



ንግግሬን የምጀምረው ከራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዋግ ኽምራ፣ በአበርገሌ ቆላ፣ የአንድ አረጋዊ ንብ አርቢ ቀፎ ከፍቼ ስመለከት በአንዲት ሠራተኛ ንብ ጀርባ ላይ ቀላ ያለች ነጥብ አየሁ። ወዲያውም «አባቴ፣ ቀፎዎ ቫሮዋ ገብቶበታል፤ መድኃኒት ያስፈልገዋል» አልኋቸው። ሽማግሌው ነጥቢቱን በጣታቸው ጫፍ አንሥተው በመዳፋቸው ላይ አኖሩና፣ «ልጄ፣ ይህችማ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ የማውቃት የንብ ቅማል ናት። መድኃኒቱስ ይሁን፣ በሽተኛው ማነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። በማጉያ መነጽር ባያት እግሮቿ ስድስት ነበሩ፤ ቫሮዋ ግን ስምንት እግር አለው። አፍሬ መነጽሬን ከተትሁ። ዛሬ ከፊታችሁ ያቆመኝም ያ ጥያቄ ነው።

ቫሮዋ የነፍሳት ወገን ሳይሆን የመዥገር ዘመድ ነው። ርዝመቱ 1.1፣ ስፋቱ 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ከቁመቱ ይልቅ ጎኑ የሰፋ፣ ጠፍጣፋና ቀይ ቡናማ ተባይ ነው። የጥንት አስተናጋጁ የእስያ ንብ ናት፤ ለሳይንስ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1904 ከጃቫ ደሴት በተገኘ ናሙና ነበር። በሃያኛው ምእት ዓመት የእኛው ወገን የሆነችው ንብ ለእርባታ ወደ እስያ በተወሰደችባቸው ስፍራዎች ወደ እርስዋ ተሻገረ፤ ከዚያም ሰው ንብን ከአገር ወደ አገር ባጓጓዘ ቁጥር አብሮ ተጓዘ። እ.ኤ.አ. በ2000 አንደርሰንና ትሩማን የተባሉ ተመራማሪዎች ዓለምን ያዳረሰው ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑን አረጋግጠው «ቫሮዋ ዴስትራክተር»፣ ማለትም አጥፊው ቫሮዋ፣ ብለው ሰየሙት።

የጉዳቱ አካሄድ እንዲህ ነው። እናቲቱ ተባይ እጩ ያለበት ክፍል በሰም ከመታሸጉ ጥቂት ቀደም ብላ ሾልካ ትገባለች። ክፍሉ ከታሸገ ከሦስት ቀን ገደማ በኋላ ወንድ የሚሆነውን እንቁላል ትጥላለች፤ ከዚያ በየ30 ሰዓቱ ያህል ሴቶቹን ታስከትላለች። የድንጉላ ክፍል ታሽጎ የሚቆይበት ጊዜ ከሠራተኛዋ ስለሚረዝም ድንጉላውን ትመርጣለች። ተባዩ የንብ ደም ይመጣል ሲባል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሳሙኤል ራምሴይና ባልደረቦቹ ዋና ምግቡ የንቢቱ የስብ አካል መሆኑን አሳዩ። ይህ አካል ንቢቱ ስንቋን የምታከማችበትና በሽታን የምትከላከልበት ነው። በዚህ ላይ ተባዩ ክንፍን የሚያጣምም ቫይረስ ያስተላልፋል። ከዚህ የተነሣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ያልታከመ ኅብረ ንብ አብዛኛውን ጊዜ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ያልቃል።

ወደ አህጉራችን ስንመለስ ግን ታሪኩ ይለወጣል። ቫሮዋ በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1997፣ በኬንያና በታንዛንያ በ2009 ተመዘገበ፤ በኢትዮጵያም በ2010 ገደማ የዋግ ጎረቤት ከሆነችው ከትግራይ ተሰማ። የደቡብ አፍሪካ ንቦች ከጥቂት ዓመታት ፈተና በኋላ ያለ መድኃኒት ችለውት መኖር ጀመሩ። በ2019 የታተመ የአገራችን ጥናትም ተባዩ በኢትዮጵያ ንብ ላይ እንዳሻው እንዳይራባ የሚገቱ ነገሮች መኖራቸውን መረመረ። ይህች ንብ በ2011 ለብቻዋ የተለየች ንዑስ ዝርያ ሆና ስትመዘገብ ከተከዜ ማዶ ባሉት በሰሜን ተራሮች ስም «ሲሜንሲስ» ተብላለች። የዋግ ሰው ጎረቤቱን ተራራ በንቡ ስም ውስጥ ያገኛል ማለት ነው።

የአፍሪካ ንቦች በምን ይቋቋሙታል? እድገታቸው ፈጠን ስለሚል የተባዩ ልጆች ለመብሰል ጊዜ ያጥራቸዋል። የተበከለውን እጭ አሽትተው ያወጣሉ፤ ተባዩንም ከላያቸው ያራግፋሉ። አዘውትረው መንጋ ይሰዳሉ፤ ድርቅ ሲጠናም ቀፎውን ጥለው ይሄዳሉ። አርቢው በዚህ ያዝናል፤ ነገር ግን እጭ በሌለበት ሰሞን ተባዩ የሚራባበት ስፍራ ያጣል። ከጭራሮ ተሠርቶ በእበት የሚለሰነው የባህል ቀፎም፣ ማሩ ሲቆረጥ እንጀራው አብሮ ስለሚወጣ፣ ንቡ በየጊዜው አዲስ ሰም እንዲሠራ ያደርገዋል።

እንግዲህ ዋናው ሐሳቤ ይህ ነው፤ የዋግን ንብ አርቢ ከቫሮዋ ይልቅ ሊጎዳው የሚችለው ያልታሰበበት እርዳታችን ነው። ባለ ፍሬም ቀፎ ምርት ያሳድጋል፤ አልቃወመውም። ይሁን እንጂ አሮጌ እንጀራ ደጋግመን ስንጠቀም፣ መንጋ መስደድን ስንከለክልና ብዙ ቀፎ በአንድ ስፍራ ስናጠጋጋ፣ ንቡ ራሱን የሚጠብቅበትን መንገድ አንድ በአንድ እንዘጋበታለን። መድኃኒትንም ያለ ምርመራ ብንረጭ ደካማውንና ብርቱውን ኅብረ ንብ አንድ አድርገን እናኖራለን። በሌላው ዓለም እንደታየው ተባዩ መድኃኒቱን ይለማመዳል፤ ቅሪቱ በሰሙ ውስጥ ይቀራል፤ የነጩ ማራችንም ስም ይጎድፋል።

ጉዳዩን ዛሬ አጣዳፊ ያደረገው ሌላ ነገር አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የዋግ ሕዝብ ብዙ ተፈናቅሏል። ወደ ቀዬው ለተመለሰ ቤተሰብ ጥቂት ኅብረ ንብ ማለት የልጆች ደብተርና የክፉ ቀን እህል ነው። ስለዚህ ንብ ገዝቶ ማከፋፈል መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ከሩቅ አገር በመኪና ተጭኖ የመጣ፣ ማንም ያልመረመረው ኅብረ ንብ፣ ለድሃው ስጦታ ሳይሆን ዕዳ ይዞ ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ከመፍረዳችን በፊት እንቁጠር። እጭ ካለበት እንጀራ 300 ያህል ንቦች፣ ንግሥቲቱ አብራ አለመኖሯን አይቶ፣ ክዳኑ ወንፊት በሆነ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ማስገባት፣ የላመ ስኳር ነስንሶ ማንከባለል፣ ጥቂት ቆይቶ በነጭ ሳህን ላይ ማራገፍ ነው። የወደቀው ተባይ ብዛት ለሦስት ሲካፈል በመቶ ንብ ስንት እንዳለ ይነግረናል፤ ንቦቹም በሕይወት ይመለሳሉ። ሁለተኛ፣ ለማከፋፈል የሚገዛ ኅብረ ንብ በተቻለ መጠን ከዚያው አካባቢ ይሁን፤ ሳይመረመርም አይጓዝ፤ የውጭ አገር ንግሥት ማስገባትም አይታሰብ። ሦስተኛ፣ ተባዩ እያለበት በርትቶ የሚኖረውን ኅብረ ንብ ለይተን መዝግበን እርሱን እናራባ። ለዚህም ከሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከልና ከሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘን እንሥራ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል የአገራችን ሰው። ቅጠሉ ግን እሳቱ ባለበት ስፍራ ይደረግ እንጂ በደህናው ቤት ላይ አይጣል። የአበርገሌው ሽማግሌ የጠየቁኝን ጥያቄ እያንዳንዳችን ቀፎ በከፈትን ቁጥር አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቅ፤ በሽተኛው ማነው?