ምንጣፍ የነፈጉት፣ ማቀዝቀዣ ያልነፈጉት
አቅራቢው፦ በ1987 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የወጣውን የፌራሪን ኤፍ 40 የሠሩት ሰዎች፣ ክብደትን እንደ ኃጢአት ቈጥረው ምንጣፉን፣ ሬዲዮኑን (ይህስ ለእኛ የሚያስቀይም ነው!) እንዲሁም የውስጡን የበር እጀታ አስቀርተው በምትኩ የሚሳብ ገመድ ካደረጉ በኋላ፣ አየር ማቀዝቀዣውን ግን ማስገባታቸው ተቃርኖ አይመስልዎትም፣ እመቤቴ?

አቅራቢዋ፦ የለም ጌታዬ፤ ከነጂው ጀርባ የተቀመጠው ሞተር ሙቀቱን ወደ ጠባቡ ክፍል ሲያፈስ፣ ላብ ዓይኑን የጋረደው ሰው ፍሬን የሚይዝበትን ቅጽበት ይስታልና፣ ከመኪናው የተቀነሰው ኪሎ በሥጋው ድካም ይከፈላል።

አቅራቢው፦ ደረቁ ወንበርስ?

አቅራቢዋ፦ እርሱ ስስ ቢሆንም፣ ወገብን አጥብቆ ከያዘ ነጂው በኩርባ ላይ መሪውን ተደግፎ ከመንጠልጠል ያርፋል። እኔ ብጠየቅ፣ ለመሮጫ ሜዳ ብቻ ከሚውል መኪና የኋላውን ወንበርና የድምፅ ማፈኛውን ያለ ርኅራኄ አስወጣለሁ፤ ማቀዝቀዣውን ግን አልነካም።