ከሊማሊሞ ቁልቁለት በፊት፦ ስላረጀ አውቶሞቢል መሪ የተደረገ ዲስኩር



ዛሬ የምናገረው ስለ ሞተር አይደለም። ሞተር ሲታመም መኪና ይቆማል፤ ባለቤቱ ይከስራል፣ ተሳፋሪው መንገድ ላይ ይንገላታል፤ ሆኖም ሁሉም በሰላም ቤቱ ይገባል። መሪ ሲታመም ግን መኪናው መሄዱን አይተውም፤ አሽከርካሪውም ሕመሙን ይለምደዋል። ትናንት ጎማውን ሳያነቃንቅ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይዞር የነበረ መሪ ዛሬ አራት ጣት ሲሆን፣ እጅ ራሱ ሳይታወቀው ያካክሰዋል። ለዚህ ነው የላላ መሪ የሚነዳ ሰው “መኪናዬ ምንም አይላትም” ብሎ በሙሉ ልቡ የሚምለው። ሌላ ሰው ገብቶ ሲነዳት ነው የሚደነግጠው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ያረጀ አውቶሞቢል መሪ ሲያስቸግር፣ ችግሩ በአብዛኛው ከመሪው ሳጥን አይነሣም፤ ከመሬት ይነሣል። ከጎማ፣ ከቸርኬ፣ ከአንዲት የተቀደደች ላስቲክ። ስለዚህ ፍተሻው ከታች ወደ ላይ፣ ከርካሹ ወደ ውዱ መሄድ አለበት። በየጋራዡ የማየው ተቃራኒውን ነው። መሪው ተንቀጠቀጠ ሲባል ወዲያው “ሳጥኑ ይቀየር” ይባላል፤ ባለንብረቱ ተበድሮ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሳጥን ያስመጣል፤ ሳጥኑ ይገጠማል፤ መንቀጥቀጡ ግን እንደነበረ ይቀጥላል።

አካባቢያችን ለመሪ ከባድ ፈተና ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚገባው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ፍጥነትን ይጋብዛል። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ የሚወጣው ፒስታ ደግሞ ድንጋይና አቧራ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃ ይሆናል። ሦስተኛው ጣሊያን በወረራው ዘመን የቀየሰው ሊማሊሞ ነው። 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ደባርቅ ተነሥቶ፣ በገደል ጫፍ እየተጠማዘዘ፣ ዛሪማ እስኪደርስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። እነዚህ ሦስት መንገዶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የመሪ ሕመም ያወጣሉ።

በእነዚህ መንገዶች የሚመላለሰው አውቶሞቢል ደግሞ ወጣት አይደለም። ዲኤክስ የምንላት አሮጌ ኮሮላ አሁንም ትሠራለች፤ ከእሷ በኋላ የመጡት ኮሮላዎችም ሃያና ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ በእጃችን ያለችው ኮሮላ ገና ብዙ ዓመት ታገለግለናለች። የምትሸኝ እንግዳ አድርገን ማየቱን ትተን እንደምትቆይ የቤት ሰው ልንይዛት ይገባል።

ከአስፋልቱ ልጀምር። ከሰማንያ እስከ መቶ ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስ መሪው እጅ ላይ የሚንቀጠቀጥ፣ ፍጥነት ሲቀንስ የሚተው ከሆነ፣ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የጎማ ባላንስ ነው። ነገር ግን ባላንስ ለማሠራት ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት፣ በክረምት ወራት አንድ ነገር አድርጉልኝ። ጎንበስ በሉና በቸርኬው የውስጥ በኩል እጃችሁን አስገቡ። የወገራ ጥቁር መረሬ አፈር እርጥብ ሳለ እዚያ ውስጥ ይጋገራል፤ ሌሊት ይደርቃል፤ በማግስቱ አንዱን ወገን አክብዶ ጎማውን ያንገጫግጨዋል። በእንጨት ፍቆ በውኃ ማጠብ ሳንቲም አያስወጣም። ከታጠበ በኋላም ከተንቀጠቀጠ ወደ ጎሚስታ ሂዱ፤ ቸርኬው ጉድጓድ መትቶት ተጣሞ እንደሆነ ጎማውን በክሪክ አንሥቶ በማሽከርከር በዓይን ይለያል። የሚንቀጠቀጠው ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የፍሬኑ ዲስክ ወጣ ገባ ሆኗል ማለት ነው።

መሪው ወደ አንድ ወገን የሚስብ ከሆነስ? መጀመሪያ የጎማ ንፋስ ለኩ። የሚለካው ደግሞ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ቁጥር መሠረት ነው። የአየሩ ሙቀት አሥር ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለዋወጥ ንፋሱ በአንድ ተኩል ፒኤስአይ ገደማ ይለዋወጣል፤ ዛሪማ ላይ በቀትር ተሞልቶ ደባርቅ በታኅሣሥ ሌሊት ያደረ ጎማ ጠዋት ጎድሎ ቢገኝ አይግረማችሁ። ንፋሱ ልክ ሆኖም የሚስብ ከሆነ፣ የፊት ግራውንና የፊት ቀኙን ጎማ አቀያይሩ። መሳቡ ወደ ሌላው ወገን ከዞረ ጥፋቱ የጎማው ነው። ካልዞረ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ቁሙና መዳፋችሁን ወደ ሁለቱ ቸርኬዎች አስጠጉ፤ አንዱ እንደ ምጣድ የሚጋረፍ ከሆነ ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም። ይህን ሁሉ ሳያዩ አላይመንት ማሠራት ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ወደ ፒስታው ልሂድ፤ ብዙ መቆየት የምፈልገውም እዚህ ነው። መሪን ከፊት ጎማ ጋር በሚያገናኘው ዘንግ፣ ታይሮድ በምንለው ጫፍ ላይ፣ በቅባት ውስጥ የምትሽከረከር ክብ ጭንቅላት አለች። ጎማውን ከታች የሚሸከመው ቦልጆይንትም እንዲሁ ነው። ሁለቱንም ከአቧራና ከውኃ የምትጠብቃቸው አንዲት ቀጭን የላስቲክ ሽፋን ናት። ወደ ሳንቃበር ስትወጡ ከጎማ የሚፈናጠር ሹል ጠጠር ያቺን ሽፋን ይቀድዳል። በዚያ ቀን ምንም አይሰማችሁም። ከዚያ በቀዳዳው አቧራ ይገባል፤ ክረምት ሲመጣ ጭቃ ይገባል፤ ቅባቱ ታጥቦ ይወጣል፤ ብረት ብረትን መብላት ይጀምራል። ከወራት በኋላ ኮረኮንች ላይ “ቋ፣ ቋ” የሚል ድምፅ ይመጣል። ያ ድምፅ ሲሰማ ሥራው አልቋል፤ ጭንቅላቷ ከቤቷ ልትወጣ ነው። ቦልጆይንት ከቤቱ የወጣ እንደሆነ ጎማው ወደ ጎን ይታጠፋል፣ መኪናው በአንድ ትከሻው መሬት ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ መሪ መያዝ ፋይዳ የለውም። ይህ በደባርቅ ከተማ ውስጥ በዝግታ ሲሆን ሰው ይስቃል። ሊማሊሞ ላይ ሲሆን ግን ሬሳ ፍለጋ ገመድ ይወርዳል። ቃሌ ከበደ የምትሉ ካላችሁ ያንን ገደል አፋፍ ላይ ቆማችሁ ተመልከቱት።

ፍተሻው ሁለት ሰው ይጠይቃል። መኪናው በአራት እግሩ መሬት ላይ ቆሞ፣ አንዱ መሪውን ግራና ቀኝ በትንሽ በትንሹ ያወዛውዛል፤ ሌላው ከሥር ገብቶ በየመጋጠሚያው ላይ ጣቱን ያሳርፋል። አንደኛው ወገን እየተንቀሳቀሰ ሌላኛው ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ ክፍተቱ ያለው እዚያው ነው፤ ጣት አይዋሽም። ቀጥሎ የፊት ጎማውን በክሪክ አንሡ፤ ከሥሩም ጠንካራ ድጋፍ አድርጉ። ጎማውን በግራና በቀኝ ጎኑ ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ከተነቃነቀ ታይሮዱን ጠርጥሩ። ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትነቀንቁት የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ኩሽኔታውን ወይም ቦልጆይንቱን ጠርጥሩ። ይህን ለማወቅ ኮምፒዩተር አያስፈልግም፤ አሥር ደቂቃና የቆሸሸ ልብስ ይበቃል።

ለጋራዥ ባለሙያዎች በአክብሮት የምናገረው አለኝ። መለዋወጫ ሲጠፋ፣ በተለይ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ፣ የላላውን መጋጠሚያ በመዶሻ ቀጥቅጦ ማጥበቅ፣ የከለመዳሪያ ቁራጭ ጠቅጥቆ ድምፁን ማጥፋት፣ ሲብስም በብየዳ ማያያዝ አለ። ችግራችሁን አውቃለሁ፤ ደንበኛው “ለዛሬ ብቻ አድርግልኝ” እያለ ይለምናል። ነገር ግን የፍሳሽ ቱቦ በብልሃት ይጠገናል፤ የመሪ መጋጠሚያ ግን በብልሃት አይጠገንም። የተቀጠቀጠ ብረት ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ብየዳ የነካው ጥንካሬውን ያጣል፤ የተጠቀጠቀው ላስቲክ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ አደጋውን ሳያስቀር ማስጠንቀቂያውን ድምፅ ያጠፋልና። መኪናው እስኪጠገን ይቁም። ሹፌር በቅጥር የሚያሠሩ ባለንብረቶችም “መሪውን አላመንኩትም” ያለ ሹፌር ሥራ ጠል እንዳልሆነ ይወቁልኝ።

ሊማሊሞ ላይ ደግሞ የሚበዛው ጥፋት የአነዳድ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ማርሹን ፎሌ አድርጎ፣ አንዳንዱም ሞተሩን ጨርሶ አጥፍቶ መውረድ ተለምዷል። ሞተር ሲጠፋ የመሪውን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ ይቆማል፤ በሁለት ጣት ይዞር የነበረው መሪ በሁለት ክንድ የሚታገሉት ይሆናል። የፍሬን አጋዡም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ አቅሙ ያልቃል። ቁልፉ የተነቀለ እንደሆነማ መሪው ራሱ ይቆለፋል። በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ እንደበራ መውረድ ይሻላል፤ በብዙዎቹ ቤንዚን የሚረጩ ሞተሮች ላይ እግር ከቤንዚን ፔዳል ሲነሣ ነዳጁ በራሱ ስለሚቋረጥ የሚቆጠበው ነገርም ያን ያህል አይደለም።

መሪው ሁልጊዜ የሚከብድ ከሆነ የዘይቱን መጠን፣ ቀጥሎም የቺንጋውን ጥብቀት እዩ። ጠዋት በብርድ መሪው ሲያቃስትና ሲሞቅ ሲተወው፣ ዘይቱ አርጅቷል ወይም ቺንጋው ይንሸራተታል። እዚህ ከፍታ ላይ ሞተር ከሚያገኘው አየር ከሩብ በላይ ስለሚያጣ፣ ቦታ ላይ ቆሞ መሪ ሲጠመዘዝ ሞተሩ ሊጠፋ ይዳዳዋል፤ ይህ የመሪ ጥፋት ሳይሆን ሞተሩ በዝግታ የሚዞርበት ልክ ማነሱ ነው። ዘይት ሲጎድል የፍሬን ዘይት መጨመር ፈጽሞ አይገባም፤ የውስጡን ጎማ አሳብጦ ያበላሸዋል። ዘይቱ የት እንደሚሄድ ለማወቅ ከመሪው ሳጥን ግራና ቀኝ ያሉትን እጥፍጥፍ ላስቲኮች ጨመቅ አድርጉ፤ ውስጣቸው ዘይት ካለ ያን ጊዜ ሳጥኑ በእርግጥ ታሟል፤ ወጪውም ተገቢ ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ አጥብቆ መያዝም ፓምፑን ያቃጥለዋል፤ ከጥቂት ሴኮንድ በላይ አትያዙት።

መኪና ለመግዛት ላሰባችሁም አንድ ነገር ላንሣ። በአገራችን ካሉት የጃፓን አውቶሞቢሎች፣ በተለይም ከቪትዞች መካከል፣ መሪያቸው በቀኝ ሆኖ ተሠርተው በኋላ ወደ ግራ የተዛወረላቸው ብዙ ናቸው። ሲዛወር ሳጥኑም፣ ከመሪ ወደ ታች የሚወርደው ዘንግም፣ ሽቦውም ይቀያየራል። ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ ለዓመታት ይሄዳል። በችኮላ ከሆነ ግን ዘንጉ ያለማዕዘኑ ታጥፎ መሪው በአንድ ቦታ ይከብዳል፣ በሌላው ይቀልላል። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ሞተሩ እንደበራ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ አዙሩ፤ ክብደቱ ወጥ መሆኑን፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እኩል መዞሩን አረጋግጡ። ከዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ መብራት ተመልከቱ፤ አዲስ ብየዳና በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ካያችሁ ባለሙያ ሳታማክሩ ብር አትቁጠሩ። የመኪናው ሞተር ምንም ቢያምር።

በመጨረሻ የአላይመንት ጉዳይ ይቀራል። አላይመንት የሚሠራው ክፍተቱ ሁሉ ከተወገደ በኋላ ነው፤ የላላ መጋጠሚያ እያለ የተሠራ አላይመንት መጀመሪያ ያገኘው ጉድጓድ ላይ ይፈርሳል። ታይሮድ ስትቀይሩ አሮጌው ስንት ዙር ዞሮ እንደወጣ ቁጠሩና አዲሱን በዚያው ዙር አስገቡት። ከዚያ በሁለቱ የፊት ጎማዎች ላይ በኋላ በኩል፣ በመሀል ቁመታቸው፣ በጠመኔ ምልክት አድርጉና ርቀቱን በሜትር ለኩ፤ መኪናውን ወደፊት ግማሽ ዙር ገፍታችሁ ምልክቶቹ ፊት ሲደርሱ እንደገና ለኩ። ልዩነቱ ከጥቂት ሚሊሜትር ካልበለጠ በዝግታ ጎንደር ድረስ ሄዶ በመሣሪያ ማስተካከል ይቻላል። ዳዶው እንዳይፈታ የምትይዘው ኮፒሊያ ደግሞ ሁልጊዜ አዲስ ትሁን፤ አሮጌዋን አቃንቶ መመለስ፣ ወይም ባገኙት ሽቦ መተካት፣ ክልክል ነው።

ከአዳራሹ በስተጀርባ አንዲት አሮጌ ኮሮላ በክሪክ ተነሥታ፣ ከሥሯም ድጋፍ ተደርጎላት ቆማለች። የቀኝ ታይሮዷ ላልቷል፤ የግራው ደህና ነው። ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ኑና ሁለቱንም በየተራ በእጃችሁ ነቅንቋቸው፤ ጥያቄያችሁንም እዚያው እቀበላለሁ።