ስለ በዓለ ኢዮቤልዩና በሰው አገር ስለሚኖር ቤተ ሰብ የተደረገ ንግግር



በኦሪት ሕግ ኢዮቤልዩ የሚባለው አምሳኛው ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ቀንደ መለከት እንዲነፋ፣ ባሪያ የሆነው ነፃ እንዲወጣ፣ ርስቱን የሸጠውም ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ እንዲመለስ ታዝዞ ነበር። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የመመለስ ዓመት ነው። ነገር ግን ይህ በዓል በአሜሪካ ምድር በቆመች ቤተ ክርስቲያን ሲከበር አንድ ጥያቄ ይነሣል። አባትና እናት አገራቸውን ትተው መጥተዋል፤ ልጆቻቸው ግን በዚሁ ተወልደዋል። የእነዚህ ልጆች ርስት ምንድር ነው? የሚመለሱትስ ወደ ወዴት ነው?

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ በሰው አገር መኖር ለቤተ ክርስቲያን ልጆች አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው። አቤሜሌክና ኑኃሚን በራብ ምክንያት ከቤተ ልሔም ወደ ሞዓብ ወርደዋል። ቅዱስ ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብጽ ሸሽቷል። ይህንንም ስደት ለማሰብ በየዓመቱ ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ቀን ሊቃውንቱ ማኅሌተ ጽጌውንና ሰቆቃወ ድንግልን ይቆማሉ። ስለዚህ ምእመን ስደትን እንደ እፍረት አይቈጥረውም፤ የአምላክ እናት ያለፈችበት መንገድ ነውና።

ደግሞም በሰው አገር ያደገ ልጅ ለዚያ አገር ብርሃን ሊሆን ይችላል። በ4ኛው መቶ ዓመት ከጢሮስ የመጡት ሁለት ወንድማማች ብላቴኖች፣ ፍሬምናጦስና ኤድስዮስ፣ በቀይ ባሕር ዳር ባልንጀሮቻቸው ተገድለውባቸው ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ንጉሡም በሞተ ጊዜ ነፃ ተለቀቁ፤ ነገር ግን ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ እንዲረዷት ስለ ለመነቻቸው ቆዩ። ከዚያ በኋላ ኤድስዮስ ወደ ጢሮስ ወደ ዘመዶቹ ተመለሰ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለኢትዮጵያ ጳጳስ እንዲላክ ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ፤ አትናቴዎስም እርሱን ራሱን ቀብቶ ላከው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው ይህ ነው። ከሁለቱ ወንድማማች አንዱ ተመለሰ፤ አንዱ ቀረ፤ ሁለቱም አልተነቀፉም።

በቅርቡ ዘመንም ሌላ ምሳሌ ይገኛል። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ከነቤተ ሰባቸው ተሰደው በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ተቀመጡ። በዚያም በመኖሪያቸው ግቢ የጸሎት ቤት አበጅተው ከካህናቱ ጋራ ጸሎታቸውን አላስታጐሉም። ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ ደግሞ በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የአስታማሚነትን ሙያ ተማሩ። የስደቱ ዘመን ኀዘን ነበር፤ ነገር ግን በኀዘኑ መካከል የተገኘ ዕውቀት አገርን ለመጥቀም በቃ። ልዕልቲቱ ወደ አገራቸው ተመልሰው ገና በወጣትነታቸው በ1934 ዓ.ም. ቢያርፉም፣ በአዲስ አበባ በስማቸው ሆስፒታል ተሠርቶላቸዋል። ያ የባዝ ቤትም በ1958 በፈረንጅ አቈጣጠር ለከተማይቱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች መጠቀሚያ እንዲሆን ተሰጠ። ከዚህም፣ እንግዳ የሆነ ቤተ ሰብ እምነቱን መጠበቅ፣ ከተቀበለው አገር ትምህርት መቅሰም፣ ላስጠጋውም ሕዝብ ውለታ መመለስ እንደሚገባው ይታያል።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን አገራቸውን ለቀው ወጡ። በ1972 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው የስደተኞች ሕግም ለብዙዎች በር ከፈተላቸው። እነዚህ ቤተ ሰቦች ያገኙት ጥቅም ጥቂት አይደለም። ልጆቻቸው ተምረዋል፤ ሕመምተኞቻቸው ታክመዋል፤ በሚልኩትም ገንዘብ በአገር ቤት ያሉ ወላጆች ጦማቸውን አላደሩም፤ ወንድሞችም ትምህርታቸውን ጨርሰዋል። ባል ሚስቱ ከሥራ እስክትመለስ ወጥ መሥራትንና ሕፃን ማጠብን ተምሯል። በአገሩ ሳለ የየራሱን አጥቢያ ብቻ ያውቅ የነበረው ጐንደሬና ሸዌ፣ ወሎዬና ሐረርጌ በአንድ ጣራ ሥር ሆኖ አንድ ጠበል ጠዲቅ ይቀምሳል።

ይሁን እንጂ ችግሩን መሸፈን አይገባም። አባት ሌሊት፣ እናት ቀን በሥራ ስለሚውሉ፣ በአንድ ቤት እየኖሩ በአንድ ማዕድ የማይቀመጡ አሉ። የአገር ቤት ዘመድ የቤት ኪራዩንና ዕዳውን ስለማያውቅ፣ ገንዘብ የዘገየበትን ቀን እንደ መረሳት ይቈጥረዋል። የእናቱን መርዶ በስልክ ሰምቶ፣ አፈር ሳያለብሳት የቀረ ልጅ ኀዘኑ አይወጣለትም። የልጅ ልጅ ለመጠበቅ የመጣች አያት በበረዶው ወራት ከቤት ሳትወጣ፣ የምታጫውታት ጐረቤት ሳታገኝ ትከርማለች። ልደትና ጥምቀትም በፈረንጅ አቈጣጠር በጥር ወር በሥራና በትምህርት ቀን ይውላሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቋንቋ ነገር ነው። ልጅ የአገሩን ቋንቋ ቶሎ ስለሚለምድ ለወላጆቹ አስተርጓሚ ይሆናል። ከሐኪም ፊት የእናቱን ሕመም የሚናገር፣ ከመምህሩ ፊት የራሱን ጥፋት ለአባቱ የሚተረጕም እርሱ ነው። በዚህ ጊዜ የቤቱ ሥርዓት ይገለበጣል፤ ልጁ ከዕድሜው በላይ ሸክም ይሸከማል፤ አባትም በልጁ ፊት ያንሳል። እያደረም አማርኛው ከልጁ አፍ ይጠፋል። አያቱ በስልክ ስትመርቀው አሜን ከማለት በቀር የሚመልሰው ቃል ያጣል። በቅዳሴ ጊዜም ቆሞ የሚሰማው ምን እንደ ሆነ አያውቅም።

ስለዚህ ነገር በምእመናን መካከል ሁለት ዐሳብ አለ። አንዳንዶች በእንግሊዝኛ ከተሰበከ ሃይማኖቱም ቋንቋውም ይጠፋል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ልጅ የማይሰማውን ስብከት መስማት አይጠቅመውም ይላሉ። የፊተኞቹ ፍርሃት ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን የሊቃውንት አባቶችን ሥራ መመልከት ይገባል። ግዕዝ ከሕዝቡ አፍ በራቀ ጊዜ መጽሐፉን በግዕዝ ጠብቀው፣ ትርጓሜውን አንድምታ እያሉ በአማርኛ አስተማሩ እንጂ ሕዝቡ ግዕዝ እስኪያውቅ ድረስ ዝም አላሉም። እንግዲህ ዜማውና ቅዳሴው እንደ ጥንቱ ይጠበቅ፤ ለልጆች ግን ትርጓሜው በሚሰሙት ቋንቋ ይነገር። ልጅ አስቀድሞ ሃይማኖቱን ቢወድ፣ ኋላ ፊደሉን ፈልጎ ይማራል። ሃይማኖቱን ካልወደደ ግን ፊደሉን ቢያውቅም ከደጀ ሰላም አይደርስም።

ለዚህም እያንዳንዱ የድርሻውን ይሥራ። ወላጆች የሚኖሩበትን አገር ቋንቋ ይማሩ፤ ልጅን በታላቅ ጉዳይ አስተርጓሚ አያድርጉ፤ በቤታቸው ግን አማርኛን ሳያፍሩ ይናገሩ። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ከልጆቻቸው ጋራ በአንድ ገበታ ይቀመጡ። ለበዓላት ቀን ፈቃድ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ለመምህራንም ያስታውቁ። አጐትና አክስት በሩቅ ስላሉ፣ የክርስትና አባትና የክርስትና እናት ስማቸውን ብቻ ሳይሆን ሥራቸውን ይፈጽሙ። ካህናትም ቤት ለቤት ሲጐበኙ ከአባወራው ጋራ ብቻ ተነጋግረው አይመለሱ፤ ልጁንም በስሙ ጠርተው ይጠይቁት። ማኅበሩም ብቻቸውን የሚውሉትን አሮጊቶች ሰብስቦ ከሕፃናቱ ጋራ ያገናኛቸው። እነርሱ ተረትና ጸሎት ያስተምራሉ፤ ሕፃናቱም ብቸኝነታቸውን ያርቁላቸዋል።

የእነዚህ ልጆች ርስት በገመድ የሚለካ መሬት አይደለም። ርስታቸው ሃይማኖታቸው፣ የአባቶቻቸው ታሪክና የእናቶቻቸው ምርቃት ነው። ይህን ያወቀ ልጅ እንደ ኤድስዮስ ወደ አገሩ ቢመለስ፣ ወይም እንደ ፍሬምናጦስ በተቀበለው አገር ቢቀር፣ ከርስቱ አልተነቀለም። የኢዮቤልዩ መለከት የሚነፋውም እንዲህ ያለውን ልጅ ወደ ርስቱ ለመጥራት ነው።

እግዚአብሔር ይህችን ደብር ለልጅ ልጅ ያቆይልን፤ በሩቅና በቅርብ ያሉትን ቤተ ሰቦች ሁሉ ይጠብቅ፤ አሜን።